ተጫወተው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ሰሞን ማታ ነው። ታናሹ ልጄ ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ጨረቃ ያያል። «አባዬ፣ መኪና ውስጥ ስንሆን ለምንድን ነው የምትከተለን?» አለኝ። እኔ ላፕቶፔ ላይ ተደፍቻለሁ። ዋዛ ፈዛዛ እያየሁ እንዳይመስላችሁ። እሑድ ለወላጆች የማቀርበውን ትምህርት እያዘጋጀሁ ነበር። ርዕሱን ልንገራችሁ? «ልጆችን በሃይማኖት ማሳደግ»።

«በል አሁን ጸልይና ተኛ» አልኩት።

አባታችን ሆይን በአንድ ትንፋሽ ብሎ ተኛ። እኔም ወደ ጽሑፌ ተመለስኩ።

ጥቅስ ፍለጋ ዘዳግም ምዕራፍ 6 ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ቆረቆረኝ። «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል። ይህን ቃል ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ስንት ጊዜም አስተምሬበታለሁ። የመጨረሻዋን ቃል ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። መጀመሪያ «አስተምረው» አለ። እንዴት እንደሆነ ሲነግረን ደግሞ «ተጫወተው» አለ። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ «አረፍ በል፣ እንጫወት» እንላለን። ቡና ተፈልቶ የሚወራው ጨዋታ ነው። ሕፃን አቧራ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሠራውም ጨዋታ ነው። አባቶቻችን መጽሐፉን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ለእግዚአብሔር ቃል ይህን ግሥ መረጡለት። ነፍሳቸውን ይማር።

ዛሬ ስለ አንድ የፍልስፍና መምህር ላጫውታችሁ። ይህች አንዲት ግሥ ምን ማለት እንደሆነች የገባችኝ በእሳቸው ሕይወት ነው። ዓመታቱና ቀናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፓቬል ፍሎሬንስኪ ይባላሉ። በ1882 ዛሬ አዘርባጃን በምትባለው አገር፣ ዬቭላኽ በምትባል ቦታ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ሐዲድ የሚሠሩ ሩሲያዊ መሐንዲስ ናቸው። እናታቸው አርመናዊት። ያደጉት በጆርጂያ ነው፤ ትብሊሲና ባቱሚ፣ ጥቁር ባሕር ዳር። ቤቱ የተማረ ቤት ነው፤ ፍቅርም አለበት። ስለ እግዚአብሔር ግን አይወራበትም። ልጁ ድንጋይ ይሰበስባል፣ የባሕር ሞገድ የተፋውን እየለቀመ ያገላብጣል፣ ፊዚክስ ያነባል። ከዚህ ሌላ እውነት ያለ አይመስለውም።

17 ዓመቱ ላይ አንድ ሌሊት ከእንቅልፉ ብንን አለና ወደ ግቢው ወጣ። አየሩ ውስጥ ጥርት ያለ ድምፅ «ፓቬል! ፓቬል!» ብሎ ጠራው። ይህን በኋላ ራሳቸው ጽፈውታል። ሳሙኤል እንዲህ ሲጠራ ሮጦ ወደ ዔሊ ሄደ፤ ዔሊም «ተናገር፥ ባሪያህ ይሰማል በል» አለው። ፓቬል የሚሮጥበት ዔሊ ቤት ውስጥ አልነበረውም። ዔሊውን ያገኘው ከዓመታት በኋላ ነው። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምሮ በ1904 ሲጨርስ መመነኮስ ፈለገ። የንስሐ አባቱ የነበሩት ጳጳስ አንቶኒ አልፈቀዱለትም። «መጀመሪያ ሂድና ነገረ መለኮት ተማር» አሉት። እሱም ታዘዘ። የተሰጠው ጭንቅላት የሚያስኮራ ነበር፤ ግን ታዘዘ።

የሞስኮ መንፈሳዊ አካዳሚ ያለው ሰርጊየቭ ፖሳድ ነው፤ ከሞስኮ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የቅድስት ሥላሴ ገዳም ግቢ ውስጥ። እዚያው ተምሮ፣ ከ1908 ጀምሮ እዚያው የፍልስፍና ታሪክ አስተማሪ ሆነ። በ1910 አናን አገባ። አና የገበሬ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ የገጠር አስተማሪ ነበረች። በ1911 ቅስና ተቀበለ። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ እንደ መጀመሪያዬ «አንቱ» ልበላቸው፤ ካህን ናቸው።

አምስት ልጆች ወለዱ። ቫሲሊ፣ ኪሪል፣ ኦልጋ፣ ሚካኤልና የመጨረሻዋ ማርያ። ማርያን ሁለተኛ ስሟ ቲናቲን ስለሆነ «ቲካ» ይሏታል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል፤ የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ። ቄስ ፓቬል የሩሲያ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተከራከረው በኬልቄዶን ጉባኤ ጉዳይ መንገዳችን ተለያይቷል። በትልቁ መጽሐፋቸው ስለ «ሶፍያ»፣ ስለ እግዚአብሔር ጥበብ ማለት ነው፣ የጻፉትም የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሊቃውንት ሲያከራክር የኖረ ነው። እዚያ ውስጥ አንገባም። ዛሬ የምንገባው ቤታቸው ነው።

የመጽሐፉን ስም ግን ሳላነሣ አላልፍም። በ1914 የታተመው ይህ መጽሐፍ ርዕሱን የወሰደው ከ1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥15 ነው፤ «የእውነት ዓምድና መሠረት» ከሚለው። ፈላስፋ እውነትን ይፈልጋል አይደል? ሐዋርያው ደግሞ የእውነት ዓምድ ቤተ ክርስቲያን ናት ይላል። አሁን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ አሥር ቁጥር ወደ ላይ ውጡ። «ሰው ግን የራሱን ቤት እንዲያስተዳድር ባያውቅ፥ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃታል?» አንድ ምዕራፍ ነው። የእውነት ዓምድ ከታች፣ የራስ ቤት ከላይ። እኛ አገልጋዮች ቁጥር 15ን በቃላችን እናውቃታለን። ቁጥር 5 ላይ ስንደርስ ግን ጉሮሯችንን እንጠራርጋለን።

በ1917 ሚካኤል ኔስተሮቭ የሚባል ሠዓሊ ሥሏቸዋል። ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ ምርኩዝ ይዘው ከወዳጃቸው ጋር ሲሄዱ ይታያሉ። በዚያው ዓመት፣ በ35 ዓመታቸው፣ ለልጆቻቸው ኑዛዜ መጻፍ ጀመሩ። ያኔ የነበሯቸው ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። የታመሙም አይመስለኝ፤ ዘመኑ ግን ታሞ ነበር። አብዮቱ መጣ። አካዳሚው ተዘጋ። የፍልስፍና መምህሩ ጥሩ ሒሳብና ፊዚክስ ያውቁ ስለነበር መንግሥት የኤሌክትሪክ ምርምር ሥራ ላይ መደባቸው። እሳቸውም የቄስ ቀሚሳቸውን ሳያወልቁ የሶቪየት መሥሪያ ቤት ገቡ። መስቀል ማንጠልጠል በሚያስጠረጥርበት ዘመን!

ኑዛዜው ላይ በተለያዩ ዓመታት ጨምረውበታል። የተማረ ሰው ኑዛዜ ስለሆነ ረቂቅ ነገር ጠብቄ ነበር። ዋናው ሐሳብ ግን አጭር ነው፦ እግዚአብሔርን አስቡ፣ በፊቱም ሂዱ፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው። ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል። ሥራ ስትሠሩ ለብ ለብ አታድርጉ። የአያት ቅድመ አያቶቻችሁን ታሪክ፣ ፎቶና ደብዳቤ ጠብቁ። ደግሞ ከዋክብትን ቶሎ ቶሎ እዩ። ሲከፋችሁ፣ ሰው ሲበድላችሁ ወደ ውጭ ውጡና ከሰማይ ጋር ብቻችሁን ሁኑ፤ ነፍሳችሁ ትረጋለች።

ዳዊት «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ» ያለውን ነው በልጅ ቋንቋ ያጫወቷቸው። የእኔ ልጅ ሰማያትን ሲያዳምጥ «ተኛ» ያልኩት እኔ ነኝ።

በየካቲት 1933 ታሰሩ። አሥር ዓመት ተፈረደባቸው። መጀመሪያ የተላኩት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ነው፤ መሬቱ ዓመቱን ሙሉ እንደ በረዶ ደርቆ ወደሚኖርበት ስኮቮሮዲኖ። እዚያም ምርምር ላይ መደቧቸው። የኖሩበት መጽሐፍና የጻፉት ሁሉ ከቤታቸው ሲወሰድ ለአንድ ሰሞን ተሰበሩ፤ ከሥጋ ሞት የባሰ እንደሆነባቸው ለእስር ቤቱ አለቃ ጽፈዋል። ይህን የምነግራችሁ ሁሉን በፈገግታ የሚቀበሉ ሰው እንዳይመስሏችሁ ነው።

በ1934 ክረምት አና ሦስቱን ትንንሾች ይዘው ባቡር ተሳፈሩ። ሩሲያን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጠው ስኮቮሮዲኖ ደረሱ። ኦልጋ 16 ዓመቷ ነው፣ ሚካኤል ከእሷ ያንሳል፣ ቲካ ገና ዐሥር ያልሞላት ናት። አና አንድ መልእክት ይዘዋል፦ በቼኮስሎቫኪያ በኩል ከአገር መውጣት የሚቻልበት መንገድ ሊሞከር ነው። እሺ ይበሉ ብቻ።

ቄስ ፓቬል እሺ አላሉም። የሐዋርያውን ቃል ጠቀሱ። «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» የሚለውን፣ ፊልጵስዩስ 4፥11።

እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ልጆቹ እኮ አጠገባቸው ቆመዋል። ቤተሰቡን የሚወድ አባት እንዴት እንዲህ ይላል? አንዳንዱ «ይህ ነው እምነት» ብሎ ያልፋል። እኔ እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። አና መልሱን ሲሰሙ ፊታቸው ምን እንደመሰለ አስባለሁ። ጳውሎስ ያንን ቃል የጻፈው በእስራት ሆኖ ነው፤ ግን ጳውሎስ አምስት ልጅ አልነበረውም። እናንተ ምን ትላላችሁ? እኔ አሁንም እያሰብኩበት ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ነሐሴ ላይ ቄስ ፓቬልን ለይተው አሰሯቸው፤ መስከረም ሲጠባ በአጀብ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ከቤተሰባቸው ጋር ከዚያ ወዲያ በዓይነ ሥጋ አልተያዩም።

የተወሰዱት ወደ ሶሎቭኪ ነው። ነጭ ባሕር ላይ ያለ ደሴት ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመሠረተ ትልቅ ገዳም አለበት፤ እንደ ጣና ደሴቶች ገዳማት ውኃ የከበበው፣ ግን ብርዱ የሚቆራርጥ። መንግሥት መነኮሳቱን አስወጥቶ በ1923 እስር ቤት አደረገው። ቅዳሴ ይቀደስበት በነበረው ቅጥር ውስጥ እስረኞች ታጨቁ። ካህኑ በገዳም ታሰሩ። የተሰጣቸው ሥራ ደግሞ ከባሕር አረም አዮዲን ማውጣት ነው። ያ ጨዋችን ላይ የሚጨመረው አዮዲን። ልጅ ሆነው በጥቁር ባሕር ዳር ሲለቅሙት የነበረውን አረም፣ ሸምግለው በነጭ ባሕር ዳር በእስረኛ እጅ ለቀሙት።

አሁን ወደ «ተጫወተው» ደረስኩ።

እስረኛ እንደፈለገ አይጽፍም። ደብዳቤው የተቆጠረ ነው፤ ሳንሱር ያነበዋል። ስለ እምነት በግልጽ መጻፍ አይታሰብም፤ ተቀባዩንም ያስጠይቃል። ስለዚህ ይህ ካህን፣ ይህ የነገረ መለኮት ሊቅ፣ ለገዛ ልጆቹ «ጸልዩ» ብሎ እንኳ በነጻነት መጻፍ አይችልም። አስቡት። እኛ ልጆቻችንን ስንመክር የምንደገፍባቸው ቃላት በሙሉ ተወሰዱባቸው። ምን ቀራቸው? ጨዋታ ቀራቸው።

ደብዳቤዎቹን ቁጥር ይሰጧቸዋል፤ መንገድ ላይ አንዱ ቢቀር ቤት ያለው ሰው እንዲያውቅ። አንዱን ወረቀት ለሁሉም ያካፍሉታል። ለእናታቸው ጥቂት መሥመር። ለአና። ከዚያ ለየልጁ በየስሙ። ለቫሲሊ ስለ ድንጋይና ስለ አፈር፤ እሱ የምድር ጥናት ነው የያዘው። ለኪሪል ስለ ኬሚስትሪ። ለኦልጋ ስለ ዕፅዋትና ስለ ሥነ ጽሑፍ። ለሚካኤል ስለ አንድ የበረዶ አገር ልጅ ረጅም ግጥም ጀምረውለት በየደብዳቤው ቁራጭ ቁራጩን ይልካሉ። ለቲካ በልኳ፣ ስለ እንስሳትና ስለ በረዶው ያወጓታል። የባሕር አረሞቹንም ይሥሏቸዋል፤ ቅርንጫፉን፣ ጠርዙን፣ ቀጭን የሆነበትን ቦታ ሳይቀር።

አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲቀቅለው የዋለውን አረም፣ የእስሩን መሣሪያ፣ ማታ በብርድ ቁጭ ብሎ ለልጁ አሳምሮ ይሥላል። «እግዚአብሔርም ያደረገውን ሁሉ አየ፥ እነሆም እጅግ መልካም ነበረ» የሚለውን ዘፍጥረት ሳንሱሩ አላገኘውም። ወረቀቱ ላይ ግን አለ።

አምስት ልጅ አንድ ዓይነት ስብከት አልደረሰውም። እኔን የመታኝ ይህ ነው። አምስት ልጅ አምስት ጨዋታ ነው የደረሰው። አባትየው ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ይሁን አንድ ሺህ፣ እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደሚወድ ያውቃል። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ የልጄ የቅርብ ጓደኛ ማን እንደሆነ በቅርቡ ነው ያወቅኩት፤ እሱንም ከአስተማሪው።

ይህን ሳነብ ቤይሩት፣ ዱባይ፣ ሪያድ ሆናችሁ በስልክ ልጅ የምታሳድጉ እኅቶቼን አሰብኳችሁ። ካርዱ ሳያልቅ፣ እመቤቲቱ ሳትጠራ፣ ሁሉንም ለማለት ትቸኩላላችሁ። «ትምህርት እንዴት ነው? ስንተኛ ወጣህ? አያትህን እንዳታስቸግር። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ?» ልጁም «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ይላል። ያ ክፉ አይደለም። ግን አንድ ቀን ከፎቁ መስኮት የምታዩትን ባሕር፣ ወይም ሰገነት ላይ ስለምትመጣው ወፍ ንገሩት። ጠይቁትም፦ እዚያ ዝናብ ጀመረ? የጎረቤቱ ውሻ ወለደች? ከዚያ ወዲያ ጸሎቱ ራሱ መግቢያ ያገኛል።

በ1937 አጋማሽ ደብዳቤው ቆመ። ቁጥሩ አልቀጠለም።

አና ጠበቁ። ልጆቹ አደጉ፣ ጦርነት መጣ፣ አለፈ። በ1958 የመንግሥት ወረቀት መጣ፤ ፍርዱ ተሽሯል የሚል። በሌላ ወረቀት ደግሞ ታኅሣሥ 15 ቀን 1943 ሞተዋል ተባለ። ቤተሰቡ ያንን ቀን ያዘ። አና በ1973 አረፉ። በ1989 ነው እውነቱ የወጣው፦ ቄስ ፓቬል የተገደሉት ታኅሣሥ 8 ቀን 1937 ነው፤ ሌኒንግራድ አካባቢ፣ በጥይት። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ሐሰት ነበር። አና ሳያውቁት አለፉ።

ከኑዛዜው አንድ ነገር አስቀርቼባችሁ ነበር። የሚጀምርበትን። በ1917፣ ገና ምንም ሳይመጣ፣ ቄስ ፓቬል ልጆቻቸውን የለመኑት መጀመሪያ ይህን ነው፦ በምትቀብሩኝ ቀን፣ በዚያው ዕለት፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ካልተመቻችሁም በቅርቡ ባለው ቀን። እንዲያለቅሱ አልጠየቁም፤ ሐውልትም አልጠየቁም። እንዲቆርቡ ብቻ።

የቀብር ቀን ግን አልነበረም። ልጆቹ አባታቸውን አልቀበሩም። መቃብሩም በእርግጠኝነት አይታወቅም። ሰልስቱን፣ አርባውን ከየትኛው ቀን ይቁጠሩ? የእኛ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሬሳ ያላገኘ፣ ተዝካር የሚያወጣበት ቀን ያጣ ስንት ቤት አለ።

የኦልጋ ልጅ አድጎ መነኮሰ። አባ አንድሮኒክ ተባሉ። አያታቸው ባስተማሩበት አካዳሚ አስተማሩ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት የአያታቸውን ወረቀት በማሰባሰብና በማሳተም ነው፤ ትልልቁን የፍልስፍና ጽሑፍ፣ ኑዛዜውን፣ ቁጥር ያላቸውን ደብዳቤዎች። የባሕር አረሞቹም ሥዕል ከእነዚያ ጋር አለ።